ዳማ ያነከሰ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለሸጋ፣ ካለሽበት ከቤሩት።

እንደምን ከርመሻል እህቴ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ? የምታስታምሚያት አሮጊትስ ትንሽ ቀለለችሽ ወይስ አሁንም ቀን ከሌት ስምሽን እየጠራች ዕረፍት ትነሳሻለች? በጥቅምት የሰማነው የቦምብ ወሬ ፈጽሞ ጋብ አለ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በቁሜ አለሁ። ከወገቤ በቀር ሐኪም የሚያየው ሕመም የለብኝም። ሐኪም የማያየውን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትይኝ ይሆናል። ኔትወርኩ መጣ ሄደ ማለቱ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ድምፅሽን እየሰማሁ ልናገረው የማልችለው ነገር ስላለ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የባለሱቁ የሀቢብ ልጅ ዋሂዳ ናት፤ ለዕረፍት መጥታ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነው። አብራም በላስቲክ የተጠቀለለች ሜሞሪ ትሰጥሻለች። አደራሽን፣ ይህን ወረቀት አንብበሽ ሳትጨርሺ ሜሞሪዋን ስልክሽ ውስጥ እንዳትከቻት።

በጥር መጀመሪያ ደውለሽ፣ አየነው ደርበው ከሃያ ሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ እንደገና ሊዘፍን ነው፣ በፈረሰኞች በዓል ሰሞን እንጅባራ ይመጣል ያልሽኝ ጊዜ፣ ድምፅሽ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖብኝ ነበር። እኛ አፍንጫችን ሥር ያለውን ሳንሰማ አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ ሰማሽ። ሂድልኝ፣ ቅረጽልኝ አልሽኝ። ከቀረብከው ደግሞ ሰላም በልልኝ፤ ያን ቀን የቀረሁት ፈረሱ አንክሶብኝ ነው እንጂ ሰው ንቄ አይደለም በልልኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል የምልክበት ሰው አጥቼ ነው አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። 

እንቁ ግን ሳቀችብኝ። የሠርጋችንን ካፖርት ከሣጥን ሳወጣ አይታ፣ በስልሳ ዓመትህ እስክስታ ልትወርድ ነው ወይ አለችኝ። ከዳንግላ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉሙ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ጀምሮ መንገዱን ሸፍኖት፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረምሶች አባባ ለዲጄው ነው የሚሄዱት ወይ እያሉ ሲቀልዱብኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አየነው ማን እንደሆነ አያውቁም፤ እሱ ዘፈን ሲተው ገና አልተወለዱም።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። ፈረሰኞቹ ከበዓሉ ገና አልተበተኑም ነበርና ከሰዉ ጀርባ በፈረሶቻቸው ላይ እንደተቀመጡ ቆመዋል። አየነውን ሁለት ሰዎች ደግፈው መድረክ ላይ አወጡት። ያ እንደ ሸንበቆ የተመዘዘ ጎረምሳ፣ ያ ፀጉሩን አጎፍሮ ሱሪው መሬት የሚጠርግ አየነው፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮው በሐኪም ተቀዶ ነው ለካ ያን ሁሉ ዘመን የጠፋው። የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምር ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተሰበረ። ልጆቹ አፏጩ፤ ዲጄውን አምጡልን ብለው የጮኹም አሉ። የገዛ አባቴ በአደባባይ የወደቀ ያህል አፈርኩ። ስልኬን ግን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ ነበር፤ ይህም አልቀረልሽም፣ ታይዋለሽ።

ከዚያ ሙዚቃውን አስቆመ። የድሮ ሰው ናቸው ብሎ የታገሰኝ ካለ አንድ ነገር ልናገር አለ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከኦርኬስትራው ጋር ዳንግላ ስንመጣ፣ ከአውራጃው የኪነት ቡድን አንዲት ልጅ በአዊኛ ስለ ዘንገና ሐይቅ አንጎራጎረችልን አለ። ሸጋ ትባላለች አለ፤ ስምሽን በማይክ ጠራው እህቴ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሰማው። አዲስ አበባ ወስደን ከእኔ ጋር ካሴት ልናስቀርጻት ተስማምታ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ወንበር ይዤላት ነበር አለ። ጠዋት አለንጋ የያዘ አንድ ወጣት መስኮቱ ሥር መጥቶ፣ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ልታገባ ነው፣ አትጠብቋት አለኝ፤ ወንበሩ እስከ አዲስ አበባ ባዶውን ሄደ አለ። ቀጥሎ ያለ ሙዚቃ ያንቺን እንጉርጉሮ ያዘ። ዝቅ ያለ ዜማ ስለሆነ ድምፁ አልተሰበረም። ቃሉን አንድም አልሳተም። ፈረሰኞቹ ከኋላ ተቀበሉት፤ ያፏጩት ልጆች ጸጥ አሉ፤ አጠገቤ የነበሩት ባልቴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተንሰቀሰቁ። እኔ አላለቀስኩም። የማለቅስበት ፊት አልነበረኝም።

አለንጋ የያዘው እኔ ነበርኩ ሸጋዬ።

ያን ጊዜ እንቁ ታጭታልኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አባቷ የፈረሰኞች አለቃ ነበሩ። እህቱ ከዘፋኝ ጋር ኮብልላ ሄደች ከተባለ ልጃችንን አንሰጥም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ በቃ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። አንቺ ለአባታችን ሳትናገሪ ለእኔ ብቻ ነግረሽ፣ በጋሪህ አውቶቡሱ ድረስ አድርሰኝ አልሽኝ። እሺ ብዬሽ፣ ጎህ ሳይቀድ ጋሪውን ስጠምድ ከፈረሳችን ከዳማ ጅራት አንድ ዘለላ ፀጉር ነጭቼ ከሰኮናው በላይ አጥብቄ አሰርኩበት። ይህን የጋሪ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠጉሩ ሸፍኖት ከውጭ አይታይም፣ ፈረሱ ግን ሦስት መቶ እርምጃ ሳይሄድ ያነክሳል። ዳማም አነከሰ። አንቺ ወርደሽ እግሩን አሸሽው፤ ስነዳው ደግሞ አትምታው፣ ምን አደረገ ብለሽ እጄን ያዝሽው። ሮጬ ሄጄ ሾፌሩን ላስቁምልሽ፣ አንቺ ፈረሱን ጠብቂ አልኩሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ፣ የፈረሱን ልጓም ይዘሽ፣ መንገድ ዳር ቀረሽ። አየነው ጋ የሄድኩት አንቺ እዚያ ቆመሽ ሳለ ነው። ስመለስ አውቶቡሱ ሄዷል አልኩሽ። አንቺም ዕድሌ ነው፣ የፈረሱ ጥፋት አይደለም አልሽኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ማሰሪያውን ፈታሁትና ዳማ እንደ ወትሮው ሶምሶማ ረገጠ፤ አንቺ ግን አንገትሽን ደፍተሽ ስለነበር አላየሽም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አዘና ድረስ ወስደው ዳሩሽ፤ ሰውየው ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ከስምንት ዓመት በኋላ መለሰሽ፤ ከዚያ የሰው አገር፣ የሰው ቤት፣ የሰው እናት ማስታመም። ልጆቼን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። በየበዓሉ ስትደውዪ ምን ልላክልህ ስትይኝ፣ የዛሬን ልንገራት እያልኩ አርባ ዓመት ሞላ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ጠቆረ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አየነው የገባበት መኪና ጋ ቀረብኩ። መልእክትሽን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ፈረሱ አንክሶባት ነው አልኩት።  ስትመጣ ነው እንዴ የቀረችው አለኝ። አዎ አልኩ። እንግዲያ ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው ያዘንኩባት አለና፣ ታዲያ መስኮቱ ሥር የመጣው ልጅ ማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩት እህቴ። ስልሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ካንቺ በአደራ የተቀበልኩት ቃል ገና ከአፌ ሳይደርቅ፣ አላውቀውም አልኩ። እሱ እጄን አየ፤ ከጋሪው ብለያይም በአለንጋ የደነደነ እጅ ነው፤ የመኪናውን መስኮት ዘጋ።

ቤት ስገባ ለእንቁ ነገርኳት። በዚህ ነው ወይ የተጋባነው አለችኝ። በማግሥቱ ልብሷን ጠቅልላ አዘና ልጃችን ትዕግስት ዘንድ ሄደች። ሽማግሌዎች ዘንድም ቀርቤ ፍረዱብኝ ብያቸው ነበር፤ ተበዳይ ሳይቀርብ ምን ፍርድ፣ ምን ዕርቅ አለ ብለው መለሱኝ። ሀቢብ ሱቅ ሄጄ ደግሞ ቪዲዮውን ወደ ሜሞሪ ሲገለብጡልኝ፣ ረጅም ነው፣ የሚያወራበትን ቆርጠን ዘፈኑን ብቻ እናስቀርልዎ ወይ አሉኝ። ቁረጡት አልኩ። ቆረጡት። ቤቴ ወስጄ ሳየው ተቆርጦ የቀረው ዘፈን ብቻውን ያምራል፤ አንቺም አዳምጠሽ ደስ ብሎሽ ትኖሪ ነበር። ግን ይህ በዳማ እግር ላይ ሁለተኛ ፀጉር ማሰር ሆነብኝ። ተመልሼ ሙሉውን አስገለበጥኩ። የያዝሽው ሙሉው ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። የምመልስልሽ ነገር የለኝም። ድምፅሽ እንኳ ዛሬ ምን እንደሚመስል፣ ዘፍነሽ እንደሆነ ለማን እንደምትዘፍኚ አላውቅም። አየነው አሁን በሕይወት አለ፤ የአዘጋጆቹን ስልክ ቁጥር በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ ማንም መሀል ሳይገባ አንቺው ራስሽ ንገሪው።

ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ሀቢብና ቤተሰቡ ሰላም ይሉሻል። ትዕግስት አክስቴ እያለች ሰላም ትልሻለች፤ ያደረግሁትን ከእናቷ ሰምታለች። እንቁ ሰላምታዋን ለብቻዋ እልካለሁ ብላለች። ለአሮጊቷ ምሕረቱን ያውርድላት በይልኝ። ሰው ለእህቱ ሲጽፍ እዚህ ላይ ለባለቤትሽ፣ ለእገሌ፣ ለእገሊት እያለ ልጆቿን በየስማቸው ይጠራል። እኔ የምጠራው ስም አጣሁ። ቦታውን ባዶ ትቼልሻለሁ።

ከስሜም በፊት ወንድምሽ ብዬ አልጻፍኩም፤ እሱን የምትጽፊውም የምትተዪውም አንቺ ነሽ።

ክንዴ
ዳንግላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.