ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ዜሮ ውድድር

ለክቡር ኢንጂነር ሩፐርት ሃስሊንገር
የጡረተኛ ፎርሙላ መኪኖች ውድድር ማኅበር ሊቀ መንበር
ግራትስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለአንገትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። አንገትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኦቶካር ፒልዝ ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከአራተኛው ዙር ሲመለሱ በኩርባዎቹ ግፊት የዛለው አንገታቸው ጭንቅላታቸውን አልሸከምም ብሏቸው፣ ባለ አሥር ሲሊንደር ከሆነችው መኪናቸው በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ወንበር ላይ እንዳስቀመጥናቸው "ፖልዲ፣ የእሑዱን አንተ ንዳልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ሙዚየም ነው የምልካት" አሉኝ። ማኅበርዎ ግን ከለከለኝ። ስለ ክልከላው ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. "የተሳተፉባቸው ውድድሮች ብዛት" በሚለው የማመልከቻ ቅጹ ሣጥን ውስጥ ዜሮ የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው። መኪናዋ አዲስ ሳለች የፋብሪካው የሙከራ ሹፌር ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኔ እነዳት፣ እሑድ ሌላ ሰው ይወዳደርባት ነበር። በእሷው ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር መንዳቴን የምጽፍበት ሣጥን ስላጣሁ ከዳር ጻፍኩት። ጽሕፈት ቤትዎ "ከሣጥን ውጭ የሠፈረ አይታይም" ሲል በማግስቱ መልስ ሰጠኝ፤ ከተወዳዳሪዎቻችን ብዙዎቹ ይህ ፍጥነት የላቸውም።

2ኛ. በእኔ ቦታ የተፈቀደላቸው የቋሊማ ፋብሪካ ባለቤቱ አቶ ኤግሞንት ቩርሚትሰር አርባ አንድ ውድድር አስመዝግበዋል። ከነዚህ ውስጥ ሠላሳ ስምንቱ የራሳቸው ፋብሪካ ሠራተኞች የሚያካሂዱት የጎካርት፣ ማለትም የትንንሽ መኪኖች ውድድር ነው። ሁሉንም አሸንፈዋል፤ ሠራተኞቻቸውም በየዓመቱ ተገቢውን ርቀት ጠብቀው ተከትለዋቸዋል።

3ኛ. ይህች ሞተር ቀዝቃዛ ሳለች አትነሣም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሙቅ ውሃ ሊዘዋወርባት ይገባል። ዋና መካኒካችን ወይዘሮ ትራውድል "አታኩርፍ ፖልዲ፣ ማሞቁን ላንተ ትቼልሃለሁ" አለችኝ። ደግ ሴት ናት። እሑድ አሞቃትና ለአቶ ቩርሚትሰር አስረክባለሁ። የመኪናዋ ጎንም ለወገባቸው እንዲበቃ ትናንት በመጋዝ ተቆርጦ እንዲሰፋ ተደርጓል።

4ኛ. ይህ ሁሉ ቅናት ነው የሚሉኝ ከሆነ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች የጻፍኳቸው ለጨዋነት ያህል ነው። ያኔም እሑድ እሑድ የሚወዳደርባት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ላይ ከአጥር ጀርባ ቆሜ እቀና ነበር። እሱ ግን ቢያንስ በፍጥነት ይበልጠኝ ነበር።

ስለዚህ ከእሑድ በፊት መነጽርዎን አድርገው ከሣጥኑ ውጭ ያለችውን አንዲት መስመር ያነቡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ለማኅበሩ ሣጥኖች ሁሉ ያለኝ አክብሮት ሳይጓደል፣ የራስ ቁሬን ወልውዬ የምጠባበቅ
ሊዮፖልድ ግራሺትስ

በፖስታው ላይ የተጨመረ፦ አቶ ቩርሚትሰር ትናንት ቤቴ ድረስ መጥተው በሁለተኛው ኩርባ የመኪናዋ ኋላ እንዳይንሸራተት ምን እንደሚደረግ ጠየቁኝ። እውነቱን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለእሷ አዝኜ። ሁሉንም ጽፈው ከያዙ በኋላ በሩ ላይ ቆም ብለው "ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ ለምን አይነዷትም?" አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።