በወሰናችን ላይ የነበረው ወይራ

ሐሙስ

ደሙ ከበራችን ደፍ ላይ አልለቅ አለኝ። በአመድ ፈተግኩት፣ አሁንም አለ። ወንድሜ ተፈራ የጎረቤታችንን የአዴ ፋጡማን ልጅ አብዲን መንጋጋው ላይ በዱላ መታው። አብዲ የብሎኬት አጥር ሊሠራ ብሎ በወሰናችን ላይ ያለውን ወይራ በመጥረቢያ ሲገነድስ ደርሶበት ነው። አባታችን የተከሉት ዛፍ ነው። አዴ ፋጡማም የወተት ዕቃቸውን ሲያጥኑ የኖሩት በእሱ ነው። ዱላው ራሱ ከዚያው ዛፍ የተቆረጠ! አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። አብዲ ሆስፒታል፣ ተፈራ ፖሊስ ጣቢያ። ዛፉም ወድቋል።

ዓርብ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት የቃላት አመጣጥ ነበር፤ ለምሳሌ ከአፌ የወጣው ወይራ ሆነ። በግዕዝ ዘይት ማለት ዛፉም ጭምር ነው፣ እኛ ለመጥበሻው ብቻ አስቀረነው አልኳቸው ተማሪዎቼን። ወይራ የሚለውን ግን ከየት እንዳመጣነው በእርግጠኝነት አላውቅም። እቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ? አንዱ በዐረብኛ ዘይቱን አለ፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ኤጀርሳ። ለእናንተስ ምንድን ነው? መፋቂያ፣ የኖኅ ርግብ፣ አላህ የማለበት ዛፍ። ከኋላ አንዷ "ዱላ" አለች። 

ከሰዓት የአብዲ ወንድሞች በራችንን በድንጋይ ደበደቡት። መስኮቱ ረገፈ። አብዲ ከሞተ ተፈራም በሕይወት የከተማውን መውጫ ሸዋ በርን አያልፍም ብለው ጮሁ። ነገሩ የወሰን ነው፣ የሃይማኖት አይደለም፤ ለድንጋዩ ግን ያው ነው። ቢላዋ ይዤ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ቢገቡ እወጋ ነበር፣ እውነቴን ነው። አሁን ትራሴ ሥር ነው።

ቅዳሜ

አብዲ ደም ተፋ አሉ። ምንም ምግብ አይወርድለትም። ለተፈራ ምሳ ወሰድኩ። "ሞተ?" አለኝ ገና ሳልቀመጥ። አልሞተም ስለው ግድግዳውን በጡጫ ነረተው፣ እጁ ደማ። አሁንም መምታት! ሳላበላው ጥዬው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ቄሱ ስለ ጦርነት ወሬ ሲሰብኩ መስኮቴን አስብ ነበር። ስመለስ አዴ ፋጡማ ብቻቸውን ደጄ ቆመዋል። ሞተ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። ከሻርፓቸው ሥር የወተት ቅላቸውን አወጡ።

"መንጋጋውን አስረውታል። በእጁ ምልክት ወተት አምጪ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ያልታጠነ አይወድም፣ ከሕፃንነቱ አመሉ ነው። ከወይራው ትንሽ ፍልጥ ስጪኝ፣ ልጄ።"

የአብዲ መጥረቢያ እንደወደቀ ነበር። አንስቼ ደረቁን ቅርንጫፍ መታሁት፣ መታሁት፣ ክንዴ እስኪዝል።

"በቃ! ቤት ልታቃጥይ ነው እንዴ?" አሉኝ። ሳቅ መጣብን፣ ወዲያው ግን ሁለታችንም አለቀስን።

አመሻሹ ላይ ከግቢያቸው የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ጠጣ ይሆን? ልጠይቅ እስከ ወሰኑ ሄጄ ነበር። ወንድሞቹ ደጅ ተቀምጠው አየኋቸውና ተመለስኩ። ቢላዋውን ግን ወደ ማዕድ ቤት መልሼዋለሁ።