በፊሽካዬ የምታሠሪያቸው ነፍሰ ጡሮች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? የእማዬ ግፊት ወረደላት ወይ? መድኃኒቷንስ ሳትደብቅ ትውጣለች? የወንድማችን ሳልስ ለቀቀው? ተቀይሜሽም ቢሆን ሰላምታ ማጉደል አልሆነልኝም። እኛ ደህና ነን። ልጄ ሦስት ወር ሞልቷታል፤ ጡት ከያዘች ቤቱ ቢቃጠል አትለቅም። አባቷ አውቶቡሱን አቁሞ ሲገባ ታቅፏት የግድግዳውን ሰዓት ያስተምራታል፤ እሷ የምታየው ጢሙን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ለክትባት ወስጃት ነበር። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሕፃኗን መዝና ስትጨርስ አንቺስ እንዴት ነሽ አለችኝ። ወገቤን እንደሚያመኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ እንደማለከልክ ነገርኳት። እርግዝናዬን ዘጠኝ ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ስል እንዳሳለፍኩት፣ እግሬ አብጦ በባለቤቴ ነጠላ ጫማ እሄድ እንደነበርም ሳልደብቅ አወራኋት። ሐኪም አዞሽ ነው ወይ ብትለኝ፣ የለም፣ እህቴ ናት፣ ነርስ ናት አልኳት ኮራ ብዬ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እርግዝናው ጤነኛ ከሆነና ሐኪም ካልከለከለ መራመድም ሆነ ቀላል ስፖርት ለእናትም ለልጅም ደግ ነው አለችኝ። ከመውደቅና ሆድን ከሚያስመታ ጨዋታ መራቅ፣ ደም ከታየ፣ ካዞረ ወይም ደረት ካመመ ወዲያው አቁሞ መታየት ነው አለች። አሁንም ሕፃኗን አጥብቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ እያወራሁ መሄድ በምችልበት ፍጥነት እንድጀምርና ቀስ እያልኩ እንድጨምር መከረችኝ። ስፖርት የጡት ወተት ያጎመዝዛል ያልሽኝን ስነግራት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያው እርግዝናዬ ትዝ አለኝ።

በሦስተኛ ወሩ የወረደው በሩጫዬ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በዚያ ወር የሚወርድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው በደንብ ሳይፈጠር ቀርቶ ነው፣ በሩጫሽ ነው ብሎ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ልጄን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ።

ያኔ እንኳ አልጠረጠርኩሽም። አታውቅ ይሆናል፣ እሷም የሰማችውን ነው የነገረችን እያልኩ ለራሴ ተሟገትኩልሽ። ቅዳሜ የወንድማችን ሚስት ደወለች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፣ እንኳን ወገቧን ሊያማት ድምፅዋ ራሱ ይሮጣል። እህትሽ ትኑርልኝ አለችኝ፤ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ነፍሰ ጡሮችን በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ግቢ ሰብስባ ስፖርት ታሠራለች፣ ስንለግም ቀይ ገመድ ባለው ፊሽካ ታስደነግጠናለች ብላ ሳቀች።

እትዬ፣ ያ ፊሽካ የኔ ነው። የስፖርት አስተማሪነቴን ስተው ሁለተኛ እንዳላየው አርቂልኝ ብዬ የሰጠሁሽ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀት ላይ ማህተም እመታለሁ።

ነፍሰ ጡር የማሠራቱን ሥልጠና መቼ እንደወሰድሽ፣ ቢሮሽ ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽው ምስክር ወረቀት እንድታይልኝ ለመንኳት። ትናንት ማክሰኞ አይታ ነገረችኝ። ፅንሱ ከመውረዱ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ሁለት ሳምንት ለሥልጠና ሄደሽ እማዬን እኔ ያስታመምኩ ጊዜ። እያወቅሽ ነበር ማለት ነው።

ፅንሱ የወረደ ዕለት ጠዋት ደም ሳይ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አንቺ ነበር። ምንም አይደለም፣ ሂጂ ተኚ አልሽኝ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር አለቀ። እማዬ ለምን ሐኪም ቤት አልላክሻትም ብላ ስትዞርብሽ፣ ሩጫዋ ነው፣ ሆዷን ይዛ ስትሮጥ ነው ያጣችው አልሽ። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ እሰማሽ ነበር። አመንኩሽ። እማዬም አመነችሽ። ይቺ ልጅ ስትወለድ ደውዬ ስነግራት የመጀመሪያ ቃሏ፣ ይቺንስ እንኳ ጠብቂያት የሚል ነበር። ከዳሽኝ እትዬ፣ ሌላ ቃል አጣሁለት።

ዛሬ ጠዋት ወደ አዋላጇ ተመልሼ ያን ቀን ሐኪም ቤት ብሄድ ይተርፍ ነበር ወይ አልኳት። ደም ያየች ነፍሰ ጡር መታየት ነበረባት፣ ፅንሱ ግን ምናልባት ያም ሆኖ አይተርፍም ነበር አለችኝ። ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺም አልነበረም። የሌለብሽን ጥፋት ፈርተሽ እኔ ላይ ጣልሽው። ፈራሁ ብትይኝ ኖሮ አብረን እናለቅስ ነበር።

እኔ ከነገ ጀምሮ ልጄን አዝዬ በመናፈሻው ዙሪያ መራመድ እጀምራለሁ።

ወንድማችንን ሳሚልኝ፤ ሳሉን ይታይ በይው። ሚስቱን በደህና ያገላግልሽ ብላለች በያት፤ ማክሰኞዋን እንዳታስቀር፣ እሷን ደህና አድርገሽ ይዘሻታልና። የጎረቤታችንን ልብስ ሰፊ ሰላም በይልኝ።

እማዬን ለመጨረሻ ያስቀመጥኳት ረስቼ አይደለም። መጀመሪያ አጠገቧ ተቀመጪና፣ ልጅሽ ልጇን አልገደለችም በያት። ከዚያ በኋላ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን