የንዋይ ሱባኤና የባሕር ዳርቻው ድንጋይ

ይድረስ ለእህቴ ለእድላዊት፤ ሰላምታዬ ከእንግሊዟ ኤድመንተን ዝናብ ቀድሞ ይድረስሽ።

እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴ ንዋይማ አምሮበታል። ለፍልሰታ «ገዳም ሱባኤ እገባለሁ፣ ስልኬን አጠፋለሁ» ብሎ ሄዶ፣ ፀሐይ አጥቁሮት ተመለሰ። የእንግሊዝ ገዳም ፀሐይ አያድርስ!

ትናንት ከስልኩ አንድ ፎቶ በጋራ ታብሌታችን ላይ ብቅ አለ። ንዋይ ዘንባባ በሞላበት ደሴት፣ ሥሩን ማዕበል በልቶት እንደ ጃንጥላ ከቀረ ድንጋይ አጠገብ፣ በቁምጣ ቆሞ ይስቃል። አበ ምኔቱ ድንጋዩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ዛሬ ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ሠርቼ ሦስት ሳህን አቀረብኩ።

«ሦስተኛው የማን ነው?» አለኝ።

«የፎቶ አንሺው» አልኩት። «አብራችሁ አይደል የጾማችሁት?»

ይኸው አንገቱን ደፍቶ ሳይበላ ተቀምጧል፤ ዶሮውም ቀዝቅዟል።

እማዬን ሳሚልኝ። ስለ ንዋይ ከጠየቀችሽ፣ አሁን ገና ሱባኤ ገባ በያት።

እህትሽ ብሩክታዊት፣ ከነሳህኖቿ