ደካማ የተባለው አውሎ እና የአባታችን ጀልባ

ለምወድህ ወንድሜ ጁምዓ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጉልበትህ ሕመም ለቀቀህ? ባለቤትህ ነስራስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የዳሬሰላም ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን።

«አውሎ ነፋሱ ደካማ ነው ከተባለ ለምን ይህን ያህል ተጨነቃችሁ?» ብለህ በስልክ ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔ ተቻኩዬ የሰጠሁህ መልስ ራሴንም ስላላረካኝ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ሬዲዮው «ደካማ ነው» ሲል አልዋሸም። ንፋሱ የተምሩን ዝንጣፊ እንኳ በቅጡ አላወዛወዘም። ሰዉ እንደ ልማዳችን ጀልባዎቹን ከባሕሩ አሽሽቶ የደረቀው ወንዝ አፍ ውስጥ አስገባቸው። የአጎታችን ልጅ ኸልፋንም የአባታችንን ጀልባ እዚያው አስሮ፣ እንደ ሁልጊዜው ውስጧ ሊተኛ ምንጣፉን አነጠፈ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጠዋት ግቢ ያስቀመጥኩት ባልዲ ለቀትር ሶላት ስነሣ በዝናቡ ሞልቶ ይፈስሳል። ደፍቼ መለስኩት፤ ለዐስር ሶላት ደግሞ ሞላ። ዳመናው ከተራራው ላይ ንቅንቅ አላለም። ንፋሱ ደካማ ከሆነ ዳመናውን ማን ይገፋዋል? ካልተገፋስ ይህ ሁሉ ውሃ በየት ይወርዳል? እያልኩ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ጀልባዎቹ ወረድኩ።

ሳቁብኝ። ዓሣ አጥማጁ ሙሰለም፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ ክብሪት እንኳ አያጠፋም!» አለኝ። ኸልፋንም ቀጠለ፦ «ጃንጥላዎ ራሱ አልተገለበጠም፤ ምኑን ልፍራ?» ወንዙ የሚወርድበትን ከኋላው ያለውን ተራራ እንዲፈራ ነገርኩት። ደጋግሜ ሳስረዳው፣ «በሉ እሺ! ትምህርቱ ከሚቀጥል ጀልባዋን በጀርባዬ ብሸከም ይሻለኛል» አለና ከሙሰለም ጋር እየሳቁ ጎትተው ከፍታው ላይ ካለው መስጊድ በር አወጧት። ሙሰለም የራሱን አልነካም።

ወዲያው እኛ ዘንድ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ሙሰለም ሊያሾፍብኝ አፉን ሲከፍት ወንዙ ከተራራው ሞልቶ መጣ። ድንጋይና የተምር ግንድ እያንከባለለ ጀልባዎቹን ወደ ባሕር ጠረጋቸው። የሙሰለምም አብራ ሄደች። ኸልፋን ሊተኛበት የነበረው ቦታ ዛሬ ከቁመቱ የሚጠልቅ ጉድጓድ ነው።

እስካሁን የሚገርመኝ፣ አውሎን ለምን በንፋሱ ብቻ እንደምንመዝነው ነው። ንፋስ ፊት ስለሚመታ፣ ዝናብ ግን ዝም ብሎ ስለሚጠራቀም ይሆን? አንተስ ምን ትላለህ? ለማንኛውም ደካማ ነው ሲሉህ፣ «እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?» ብለህ ጠይቅ።

ለነስራ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆችህን ሐሪብንና ሹክራን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እህታችን ዙወይና ናፍቀሃታል። ኸልፋንም ሰላም ብሎሃል። ጀልባዋን እስካሁን ከመስጊዱ በር አላነሣም። ኢማሙ፣ «የዓሣው ሽታ እኮ ሶላታችንን ረበሸን» ቢሉት፣ «ሸይኻችን፣ ተራራው ላይ ዳመና አለ» አላቸው። ቀና ብለው አዩና ገመዷን ራሳቸው አጠበቁለት።

ወንድምህ ኸሚስ
ሱር፣ ኅዳር 6 ቀን