ሳሙና በእንሰት ቅጠል

ለወንድሜ ለአጵሎስ፣

የደርባን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔና እማዬ በጌታ ጸጋ ደህና ነን፤ እዚህ ዝናቡ ጠንክሯል።

ለገበያ የማወጣውን ሳሙና በላስቲክ መጠቅለል ትቻለሁ። ደጃችን ያለውን ቦይ ስጠርግ፣ ውሃውን የዘጋው ስሜ የታተመበት የራሴ ላስቲክ ሆኖ አገኘሁትና አፈርኩ። መላውን ያመጣችው እማዬ ናት። «ቅቤውን በእንሰት ቅጠል እንጠቀልል የለ? ሳሙናው ምን ይለየዋል?» አለችኝ። አሁን እኔ ሳሙናውን እቆርጣለሁ፤ እሷ በደረቀ ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ ታስረዋለች።

መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት እህተማርያም መጀመሪያ «ቅጠል ያየ ደንበኛ ርካሽ ይመስለዋል» ብላኝ ነበር። ዛሬ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ መንገደኞች ለስጦታ ይገዙታል።

ባለፈው ሳምንት አስጠራችኝና አንዱን ጥቅል ፈትታ አሳየችኝ። ውስጡ ድንች ነበር። አስተሳሰሩ እንደ ሁልጊዜው ያማረ ነው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ሥራውን ትወደዋለች። ከዚያ ወዲህ ስትጠቀልል አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ገበያም ብቻዋን አትሄድም።

የዓመት ፈቃድህን ለከርሞ ከምታቆየው ዘንድሮ ብትወስደው ጥሩ ነበር። ስትደውልም እንደ ድሮው «ማን ነኝ?» እያልክ አታስገምታት። «አጵሎስ ነኝ፣ ልጅሽ» ብለህ ጀምር። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይመጣላታል።

የእናታችን አምላክ በመውጣት በመግባትህ ይጠብቅህ።

እህትህ ቤቴል፣
ከሆሳዕና