የቬሉ የሸክላ ፈረሶች

ሐምሌ 25 ቀን 2010 — ጅጅጋ

ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ስወጣ ባጃጅ ጠፋ። በእግሬ መጣሁ። ቤት ገብቼም የህንድ ፎቶዎቼን በየመንደራቸው ስለይ አመሸሁ። ከህንድ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው... የገጠር ሂንዱዎች ለአማልክታቸው የሚሠሩት ሸክላ፣ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ በሩዝ ዱቄት የሚስሉት ሥዕል። መቼ ይሆን መጽሐፍ የሚሆነው?

ጎረቤቴ ሙልኪ የጨርቅ ሱቋን ዘግታ ጎራ አለች። ከሰው የሚበልጡትን የሸክላ ፈረሶች ፎቶ አየች።

«ይሄ ሽማግሌ ማነው?»

«ቬሉ። ሸክላ ሠሪ ነው። አምላካቸው በእነዚህ ፈረሶች እየጋለበ መንደሩን ይጠብቃል ይላሉ።»

«አስተግፊሩላህ! አባዮ፣ ባል ማግባት ሲገባሽ የጣዖት ፎቶ ታቅፈሽ...»

አባዮ፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው። ሳቅን። ፎቶውን ግን ቶሎ አላስቀመጠችውም።

ከሄደች በኋላ ቬሉ ትዝ አለኝ። ጭቃ ሲረግጥ ያንጎራጉር ነበር። የፈረሱን ዓይን የሚሠራው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ቀን ይጾማል፣ ሰው አያናግርም። እኔም በሩ ሥር ካሜራዬን ይዤ ዝም... ያ ዝምታ ናፈቀኝ።

ሐምሌ 29

ሙልኪ ቤት ነኝ። ትናንት ከተማው ታወከ፤ እኛን ከሌላ ክልል የመጣነውን ቤት ለቤት ይፈልጉ ጀመር። በጓሮ በር ጎትታ አስገባችኝ። ባሏ ዋርፋ ደጅ ቆሞ «እዚህ ያለው ቤተሰቤ ነው» ሲል ሰማሁት። ቤቴ ይጨሳል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

መስከረም 2 ቀን 2011 — አዲስ አበባ

ወንድሜ ቤት። ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ ፎቶዎቹ... ሁሉም ነደደ። ሰው ሲጠይቀኝ «ነፍሴ ተርፋለች» እላለሁ። እውነት ነው። ታዲያ ለምን አይበቃኝም?

ሚያዝያ 24 ቀን 2013

ፋሲካ። ሙልኪ እንኳን አደረሰሽ ልትል ደወለች። እንደ ሁልጊዜው «ዕቃሽ አለ፤ ነይና ውሰጂ» አለችኝ። ድስትና ብርድ ልብስ ይሆናል። ለቸገረው ስጪልኝ አልኳት። ተቆጣች። «አልሰጥም! ራስሽ ነይ!» እንዴት ብዬ ነው የምሄደው?

ጥቅምት 8 ቀን 2017

የቬሉ ልጅ ሴልቪ ከህንድ ደወለች። በመንደራቸው ቋንቋ፣ በተሰባበረ ታሚልኛዬ፣ አወራን። ቬሉ ሞቷል። እሱ ከሞተ በኋላ ጎርፍ መጥቶ ፈረሶቹን ሰባበራቸው።

«መንደሩ በሲሚንቶ ይሠሩ ይላል። እኔ በሸክላ እሠራለሁ ብያለሁ። ፊታቸው ግን ጠፋኝ... አንቺ ፎቶ አንስተሽ የለ?»

ተቃጥሏል አልኳት። «አንቺ ግን ደህና ነሽ?» አለችኝ።

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ እንደ ዛሬው ግን ያስለቀሰኝ የለም።

ጥቅምት 9

ለሙልኪ ደውዬ ሴልቪ የጠየቀችኝን ነገርኳት። ጮኸችብኝ።

«ዕቃሽ አለ አላልኩሽም?»

«ድስት መስሎኝ...»

«ድስት ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጣለሁ? በደወልኩ ቁጥር አማቴ አጠገቤ ተቀምጣ 'ቤቴ ውስጥ የጣዖት ፎቶ አለ' ልበልሽ?»

ኅዳር 3 — ጅጅጋ

አውቶቡሱ የካራማራን ተራራ ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ሜዳው እንደ ድሮው ተዘርግቷል። ከተማው ሰፍቷል። ዋርፋ ሸብቷል።

ሙልኪ ከሠርግ ልብሷ ሥር አንድ በጭስ የጠቆረ ቆርቆሮ ሳጥን አወጣች፤ የፎቶዎቼ ሳጥን። ያኔ እሳቱ ሲበርድ እሷና ዋርፋ ከቤቴ ፍርስራሽ አውጥተውት ኖሯል። ከላይ ያሉት ፎቶዎች በሙቀት ተጣብቀዋል። አንዱን ስላቅቀው ተቀደደ። «ለእኔ ተዪው» አለች ሙልኪ። በጨርቅ ነጋዴ ጣቷ፣ ቀስ እያለች... ከመሃል ቬሉ ወጣ። ከጎኑ ፈረሱ፣ ፊቱ ሙሉ፣ ዓይኑ የተከፈተ።

«መጀመሪያ ልጥለው ነበር» አለ ዋርፋ። «በኋላ አሰብኩ። እኔ ያኖርኩት ጣዖት አይደለም፤ ያንቺን አደራ ነው።»

እዚያው ሆነን በስልኬ እያነሳሁ ለሴልቪ ላክሁላት። መልሷ የድምፅ መልእክት ነበር። ቃል የለውም፤ ታለቅሳለች። ሙልኪም ሳታውቃት አብራት አለቀሰች።

ግንቦት 6

የሴልቪ ፈረስ በእሳት ተጠብሶ ቆመ! ፎቶ ላከችልኝ። የአባቷን አይመስልም። የእሱ ኮስተር ያለ ነበር፤ የእሷ ፈገግ ብሏል። «ይሄኛው ይሻላል» አለች ሙልኪ፣ አስተግፊሩላህዋን አስከትላ።

ጅጅጋ ተመልሼ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደገና ማስተማር ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ አዲጋላ እንሄዳለን፤ የሙልኪ አክስት ኢስተሂል የአርብቶ አደር ቤት የሚለብሰውን ሰሌን ትሠራለች። ካሜራ ተውሻለሁ።

ዛሬ ደግሞ ከሙልኪ ሱቅ ፊት ለፊት ቤት ለመከራየት ሄድን። አከራዩ አዲስ ሰው ነው፤ አያውቀኝም። «እንግዳ ነሽ? ለስንት ጊዜ ነው የምትቆዪው?» አለኝ።

ሙልኪ ቀደመችኝ።

«እንግዳ አይደለችም። የሰፈራችን ሰው ናት። መንገድ ሄዳ ነበር።»